ጋሽ አርአያ ለሽማግሌዎቹ ያዘጋጁት እንግሊዝኛ

የቂርቆሱ ጋሽ አርአያ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ደግሞ አመል ይዞ ይወጣል። መጥረጊያ ትሁን ጄኔሬተር፣ ፈራሚ ካልተገኘላት ከመጋዘን ንቅንቅ አትልም። ታዲያ ጡረታ ሲወጡ መጋዘኑን በወጉ ቆጥረው አስረከቡ፤ አመሉን ግን የሚረከባቸው ጠፋና ይዘውት ቤት ገቡ።

ሚስታቸው እትዬ ጀማነሽ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት እንዳሳለፉ አንድ አምላክ ያውቃል። ስኳር ከጣሳ በወጣ ቁጥር “ለምን ጉዳይ ነው?” የሚል ባል ይዞ መኖር ቀላል አይደለም። የገላገለቻቸው ልጃቸው ፀሎት ናት። ካዛንቺስ አንድ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ አዲስ ስልክ ስትገዛ የድሮውን ለአባቷ አመጣች።

“በቃ አባዬ፣ የእማዬን ጣሳ ተዋትና ይሄን ነካካ” አለቻቸው።

ነካኩት። ግን ስልኩ ምን እንደሚሠራላቸው የገባቸው በኋላ ነው። አንድ ቀን ለገሃር ላይ አንድ ፈረንጅ አስቁሞ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ጠየቃቸው። ጣቢያው እዚያው አፍንጫው ሥር ነው። ጋሽ አርአያ የሚያስፈልጓቸውን ቃላት ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ ባቡሩንም፣ መንገዱንም፣ ተሻገሩንም። ነገር ግን ቃላቱ፣ ተራ አስከባሪ እንደሌለው ታክሲ፣ ሁሉም አንዴ ልውጣ ብለው አፋቸው ላይ ተዘጋጉ። መጨረሻ ላይ ሰውየውን ክንዱን ይዘው አሻገሩት። ሰውየው አመስግኖ ሄደ፤ እሳቸው ግን እየተብሰለሰሉ ቀጥ ብለው ወደ ኢኽላስ ሱቅ።

ኢኽላስ ከቤታቸው ዝቅ ብሎ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ የስልክ ካርድና ቻርጀር የምትሸጥ፣ ምላሷ የፈጠነ ወጣት ናት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ጥናቷን በሙሉ በስልክ ነበር የምትሠራው። ጋሽ አርአያ ችግራቸውን ነገሯት።

“ቃሉን አላጣሁትም፤ የማጣው ልክ መሆኑን ነው። ይሄ ያልኩት ነገር ሰው የሚለው ነው ወይስ እኔ የፈጠርኩት? ማን ይንገረኝ?”

“ይሄ ነው እንዴ ያስጨነቀዎት ጋሼ? ስልክዎን ያምጡት” አለች። “የሚጠራጠሩበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ እዚህ መፈለጊያው ላይ ይጻፉ። ከዛ ከፊቱም ከኋላውም ትእምርተ ጥቅስ ያድርጉበት። በቃ! በዓለም ላይ ልክ እንደዛ አድርጎ የጻፈ ሰው ካለ ጎትቶ ያመጣልዎታል።”

“ከሌለስ?”

“ከሌለማ የለም ይላል፤ ምን ያደርጋል?”

ጋሽ አርአያ መነጽራቸውን አወለቁ። “እና የዓለም ሕዝብ ይፈርምልኛል በይኛ!”

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውየውን ማን ይቻላቸው! ጠዋት ተነሥተው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ዓረፍተ ነገር መፈተን ነው። ‹በእግሬ ሄድኩ› ለማለት ‹አይ ዌንት ዊዝ ማይ ፉት› ብለው ጻፉ፤ እፍኝ የማይሞላ መጣ፤ እሱም ቢሆን የኳስ ወሬ ነው። ‹ኦን ፉት› ሲሉ ግን ጎርፍ።

“ጀማነሽ፣ እስቲ ስሚኝ፤ እነዚህ ሰዎች ‹እግር ላይ ሄድኩ› ነው የሚሉት! እግር ላይ ማን ነው የሚሄደው?”

“እነሱ ከተግባቡ አንተ ምን አገባህ?” አሉ እትዬ ጀማነሽ ሽንኩርታቸውን እየላጡ።

አገባቸው እንጂ! መዝገበ ቃላት ፍቺ ብቻ ነው የሚሰጥህ፤ ይሄኛው ግን ሰው ይዞልህ ይመጣል። ቃሉን ጽፈው ሥዕል ሲጠይቁ ሥዕል ይሰጣቸዋል። ‹ፖሪጅ› ቢሉት ገንፎ አመጣላቸው፤ ቅቤና በርበሬ የለው፣ መካከሉ አልተጎደጎደ፣ ላዩ ላይ እንጆሪ የተበተነበት ገንፎ። ስልኩን ይዘው ጓዳ ድረስ ሄደው አሳዩ። እትዬ ጀማነሽ አማተቡ።

ከሁሉ ከሁሉ የወደዱት ግን መፈለጊያው ማሽን የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ሊጨርስላቸው የሚሞክረውን ነገር ነው። ‹ለምንድነው…› ብለው ሲጀምሩ፣ ‹ለምንድነው ድመቴ የምታፈጥብኝ› ብሎ ይቀጥልላቸዋል። ማን ጠየቀው? ሰው ነዋ፤ ብዙ ሰው ጠይቆታል ማለት ነው። “እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሙሉ ድመቱን ይጠራጠራል” እያሉ ለጎረቤት አወሩ። ከማያውቁት ሕዝብ ጓዳ ገብቶ በር ሥር እንደማዳመጥ ሆነባቸው፤ ቋንቋውን ሳያስቡት ያዙት።

እንዲህ እያሉ ሳለ ነው ፀሎት አንድ እሑድ ምሳ ላይ ኪራንን የምታገባው መሆኑን የተናገረችው። ኪራን አይሪሽ ነው፤ ካዛንቺስ ከእሷ ቢሮ ፎቅ ላይ የሚሠራ፣ ቤታቸው ሁለት ሦስት ጊዜ የመጣ፣ ቆጮ አቅርበውለት ጨርሶ የደገመ ልጅ። ጋሽ አርአያ ልጁን አልጠሉትም። ወዲያው አየርላንድን ፈለጉ። የድንጋይ ካብ አጥር፣ ጭጋግ፣ በግ፣ ዝናብ።

“ደጋ ነው እኮ!” አሉ ደስ ብሏቸው። “ይሄ ሰሜን ሸዋ ማለት ነው! አጥሩን ተመልከቺ!”

ደስታቸው ግን ወግን አላስረሳቸውም። “ወላጆቹ ይምጡ። ሽማግሌ ይላክ” አሉ።

“በዚህ ሳምንት ይመጣሉ አባዬ፤ እስከሚቀጥለው እሑድ ማታ ነው የሚቆዩት። ከቢሮ ጋዲሳ የሚባል ልጅ አብሯቸው መጥቶ ያስተረጉማል።”

“አስተርጓሚ?” ጋሽ አርአያ ጎርሰው የነበረውን ዋጡ። “በገዛ ልጄ ጉዳይ በሰው አፍ ላወራ? ጋዲሳ ቢሮውን ይጠብቅ። እኔው በእንግሊዝኛ አነጋግራቸዋለሁ።”

ፀሎት እናቷን አየች። እትዬ ጀማነሽ ጣራውን አዩ።

እንግዲህ ወጉ እንዲህ ነው፤ ማንም ያውቀዋል። ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን ቢመጣ እሺ አይባልም። ልጁን ወዲያው እሺ ብሎ የሚሰጥ አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል፤ ለልጅቷም ውርደት ነው። ቆመው ይናገራሉ፣ ‹እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ብቅ በሉ› ይባላሉ፣ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ይከበራሉ። ጋሽ አርአያ ራሳቸው ለእትዬ ጀማነሽ ሽማግሌ የላኩት ሦስት ጊዜ ነው። ለእነዚህ ግን መንገደኞች ስለሆኑ ሁለት ይበቃል ብለው አሰቡ፦ ቅዳሜ እንምከርበት፣ እሑድ እሺ። በጉ ለእሑድ ተገዝቶ ጓሮ ታስሯል፤ ዘመድም የተጠራው ለእሑድ ነው። ይህን ሁሉ ለፀሎት አልነገሯትም። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ይነገራል እንዴ? እሷ እንደ ደንቡ ወሎ ሰፈር አክስቷ ቤት ሄዳለች።

የቀራቸው ንግግሩ ነበር። መጀመሪያ ያሰቡትን በሙሉ ጻፉ፦ ልጅ የእኛ ብቻ አይደለችም፣ የዘመድ አዝማድ ናት፣ መክረን ዘክረን እንነግራችኋለን። እንግሊዝኛውን በትእምርተ ጥቅስ ከተው ፈለጉ። ምንም። ከዘመድ አዝማዱ ላይ ቀነሱ። ምንም። መምከር መዘከሩን አወጡት። እየተሸረፈ እየተሸረፈ ሄዶ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቀረ፦ ‹ታንክ ዩ ፎር ካሚንግ። ዊ ዊል ቲንክ አባውት ኢት። ፕሊስ ካም አጌን።› ፈለጓቸው። አቤት! ገጹ አያልቅም። የመጨረሻዋ ላይ ደግሞ ሥዕል ሲጠይቁ፣ ዓረፍተ ነገሯ በሚያምር ፊደል ተጽፋ በሮች ላይ ተሰቅላ አዩ። በር ላይ ሰቅሎ የሚጠብቅ ሕዝብ! እንግዳ መውደዳቸው ገረማቸው።

“ጨረስኩ” አሉ ለሚስታቸው። “ዓለም በሙሉ ፈርሞበታል።”

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሰዎች ከነኮታቸው ገቡ። አባትየው ሚስተር ብሬንዳን፣ ግዙፍ፣ ጉንጩ የቀላ፣ ክራቫቱ ያነቀው ሰውዬ። እናትየው ሚስስ ኖራ፣ ትንሽዬ፣ ዓይኗ የማያርፍ። ሦስተኛው ደግሞ ቀጭን ሽማግሌ፣ አንገቱ ላይ መነጽር ያንጠለጠለ፣ የሩቅ ማያ መነጽር! ለካ ኪራን ‹ሽማግሌ ሦስት ይሁን› ስላላቸው ቁጥሩ እንዳይጎድል ሆቴል ውስጥ ቁርስ ላይ የተዋወቁትን የአገራቸውን ሰው ለምነው አምጥተውታል። ሰውየው የመጣው ወፍ ሊያይ ነው።

ልጃቸው ሳይነገራችሁ እንዳትቀመጡ ብሎ መክሯቸው ኖሯል፤ ተደርድረው ቆሙ። ሚስተር ብሬንዳን ላቡን ጠርጎ ንግግር አደረገ። ጋሽ አርአያ አብዛኛው ገባቸው፤ ልጃችን ልጃችሁን ይወዳታል፣ እኛም አየናትና ወደድናት፣ ፈቃዳችሁን ልንጠይቅ መጣን ነው። ጥሩ ንግግር ነበር። እትዬ ጀማነሽ ባይገባቸውም አንገታቸውን ነቀነቁ።

ጋሽ አርአያ ወጉ በሚያዘው መሠረት ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። ከዚያ አንድም ቃል ሳያዛንፉ፣ አንድም ፊደል ሳይውጡ፣ “ታንክ ዩ ፎር ካሚንግ። ዊ ዊል ቲንክ አባውት ኢት። ፕሊስ ካም አጌን።”

ጓሮ በጉ ጮኸ። ሚስተር ብሬንዳን ሚስቱን አየ፣ ወፍ ተመልካቹ ጫማውን አየ። ከዚያ ሚስተር ብሬንዳን ቀስ ብሎ እጁን ዘርግቶ ጨበጣቸውና “አይ አንደርስታንድ” አለ። ወጡ። ውሃ እንኳን አልቀመሱም፤ በመጀመሪያ ቀን አይቀመስምና ጋሽ አርአያም አልጋበዙም። ሁሉም ነገር በወጉ፣ እንደ ሰዓት!

“እንዴት ነው?” አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

እትዬ ጀማነሽ ግን መስኮቱ ጋ ነበሩ። “አርአያ፣ ሴትዮዋ ለምን ታለቅሳለች?”

“ብርዱ ይሆናል።”

“እኔ ልቅሶ አላውቅም? ባሏ አቅፏት ነው የሄደችው። አንተ ምንድነው ያልካቸው?”

“ልክ የሆነውን ነዋ! አንድ ስህተት የለበትም!”

ይበሉ እንጂ ቁጭ ብለው ስልኩን አወጡ። እስከ ዛሬ ማሽኑን ሲጠይቁ የኖሩት ‹ይህን ሰው ይለዋል ወይ?› ብለው ነው። መቼ እንደሚለው፣ ለማን እንደሚለው፣ የተባለውስ ሰው ምን እንደሚሆን ጠይቀው አያውቁም። ዓረፍተ ነገሯን ያለ ትእምርተ ጥቅስ መጻፍ ጀመሩ፤ ገና ሳይጨርሷት ማሽኑ እንደ ልማዱ ቀደማቸውና ከሥር ደረደረላቸው፦ ‹እናስብበታለን ሲሉኝ እምቢ ማለታቸው ነው?›

ነኩት። ሥራ ጠይቆ እናስብበታለን የተባለ ሰው አለ። ቤት ሊከራይ ሄዶ የተባለ አለ። አንዷ የጋብቻ ጥያቄ አቅርባ የተባለች አለች። መልስ የሰጣቸው ሰው ሁሉ አንድ ቃል ነው፦ እምቢ ማለት ነው፤ ጨዋ ሰው እምቢ የሚለው እንዲህ አድርጎ ነው፤ አትጠብቂ። ጋሽ አርአያ ላብ አጠመቃቸው። በዚያው እጃቸው ‹ፕሊስ ካም አጌን›ን ከፈቱ። አሁን በሮቹን ልብ ብለው አዩዋቸው። የሱቅ በሮች ናቸው። ዳቦ ቤት፣ ልብስ ንጽሕና መስጫ፣ ነዳጅ ማደያ።

ልጃቸውን ሊጠይቅ ባሕር ተሻግሮ የመጣን ሰው እምቢ ብለው፣ ሲያበቁ እንደ ሸሚዝ ገዢ አሰናብተውታል።

“ጀማነሽ! ኮቴን!”

“ወዴት ልትሄድ?”

“እግሬን ላፍታታ።”

እውነቱን ቢናገሩ አይለቋቸውም ነበር። የሴት ልጅ አባት ከሽማግሌ ኋላ ሲሮጥ በቂርቆስ ታይቶ አይታወቅም። መሳቂያ መሆን ነው፤ ልጄን ውሰዱልኝ ብሎ እንደመለመን ነው። ጋሽ አርአያ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ቢሆንም በሩን ከፍተው ወጡ። ፀሎት ጋ ደወሉ፤ መስመሩ ተይዟል። ደገሙ፤ ተይዟል። ታክሲ ሊይዙ አሰቡ፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተቆልፏል። ሆቴሉ ስታዲየም አካባቢ ነው። በለገሃር በኩል በእግራቸው ነኩት፤ ኮታቸው እየተወናጨፈ፣ የሚያውቃቸው ሰው ሰላም ሲላቸው እጃቸውን ብቻ እያነሡ።

ሦስቱም እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጠው አገኟቸው። ሻዩ ቀዝቅዟል። ሚስስ ኖራ ስልኳን ይዛ የበረራ ሰዓት እያየች ነው። ኪራን የለም፤ ወደ ፀሎት ሄዷል። ጋሽ አርአያ ፊታቸው ሲቆሙ ሚስተር ብሬንዳን ደንግጦ ተነሣ።

የሚሉትን መፈተኛ ጊዜ የለም። አፋቸውን ከፈቱት።

“ኖ ኖ ኖ! አይ አም ኖት ኖ! አይ አም የስ!”

ፈረንጆቹ ተያዩ።

“ዊ… ካልቸር! ፈርስት ዴይ፣ ዩ ስታንድ። አይ ሜክ ባድ ፌስ።” ፊታቸውን ኮስተር አድርገው አሳዩ። “ቱሞሮ ዩ ካም፣ ዩ ሲት፣ ዩ ኢት! ሺፕ! ዩ ሂር ሺፕ?”

“አይ ሄርድ ኤ ሺፕ” አለች ሚስስ ኖራ ቀስ ብላ።

“ዩር ሺፕ! ፎር ቱሞሮ!” ደረታቸውን መቱ። “ማይ ዋይፍ፣ ስሪ ታይምስ! ኸር ፋዘር፦ ኖ። ኖ። የስ!”

በመጀመሪያ የገባው ለወፍ ተመልካቹ ነው። ከት ብሎ ሳቀና ለጓደኞቹ ያስረዳ ጀመር። የሚያውቀው የወፍ ዘር አለ፤ ተባዕቱ ሣር በአፉ ይዞ ይመጣል፣ እንስቷ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፣ ሄዶ ሌላ ሣር ይዞ ይመጣል፣ በመጀመሪያው ከተቀበለችው ግን ጎጆው አይጸናም። ጋሽ አርአያ የሚሉትን ረስተው አፋቸውን ከፍተው አዳመጡ። ወፍም ሽማግሌ ይልካል እንዴ? የወፉን ስም አስደግመው ያዙ።

ሚስስ ኖራ ግን አልሳቀችም። ዓይን ዓይናቸውን እያየች ጠየቀቻቸው፤ እኛ አልገባንም ነበር፣ ነገም አንመለስም ነበር፤ ባንመለስስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ጋሽ አርአያ ጥያቄው ገባቸው። ላባቸውን ጠረጉ። እጃቸውን ዘርግተው የቆሙበትን ምንጣፍ፣ አቧራ የለበሰ ጫማቸውን አሳዩዋት።

“አይ ኬም” አሉ።

አሁን ሳቀች፤ ሳቁም ከእንባ ጋር ነበር። ሚስተር ብሬንዳን ወንበር ሳበላቸው። ጋሽ አርአያ ግን አልተቀመጡም፤ አንድ ልመና ነበራቸው። እዚህ መምጣታቸውን ሚስታቸው እንዳትሰማ። ሦስቱም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

እሑድ ረፋድ ላይ ቤቱ በዘመድ ጢም ብሏል። ፀሎት ጓዳ ናት፤ አባቷን ገና በሙሉ ልቧ ይቅር አላለችም፤ ግን በሽንቁር ታያለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገብተው ተደርድረው ቆሙ። ሚስተር ብሬንዳን የትናንቱን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አዲስ ደገመው። ጋሽ አርአያ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ፤ ግን ከንፈራቸው አልታዘዝ ብሎ ይንቀጠቀጣል።

“ሲት ዳውን፣ ፕሊስ” አሉ።

ወፍ ተመልካቹ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ። ሚስስ ኖራ በክንዷ ገፋ አድርጋ አቆመችው። አገጯን ቀና አደረገች።

“ኖ” አለች። “አንሰር ፈርስት።”

ፀሎት ከጓዳ አንሾካሽካ ለእናቷ ተረጎመች። መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም ነው የምትለው። ዘመዱ ሁሉ ተያየ፣ ተንሾካሾከ። እትዬ ጀማነሽ በአድናቆት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

“እዩልኝ! ምን ዓይነት ወግ አዋቂ ናት እናንተ! ትናንት በእንባዋ አሳሳተችኝ እኮ፤ ለካ እሱም የሽምግልናው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አሁን እኛ አገር እንኳን ከየት ይገኛል?”

ጋሽ አርአያ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ እሺ አሉ።